«ደጆች» ያለው ቤት

ይህን የምጽፈው በአንድ ምክንያት ብቻ ነው። መካኒሳ የነበረው የእናቴ ቤት ጋኔን አለበት ተብሎ እስከ ዛሬ ይወራል። ከሚያወሩት ሰዎች አብዛኞቹ ቤቱን በዓይናቸው አይተውት አያውቁም። የተሰማው ድምፅ የማን እንደነበረ በትክክል የምናውቀው ጥቂቶች ነን፤ ከጥቂቶቹም የመጻፍ ልማድ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ።

እናቴ የመጨረሻዎቹን ወራት ያሳለፈችው በዚያ ቤት አልነበረም። ሕመሟ ሲጠናባት ታላቅ እህቴ ብስራተ ገብርኤል ወዳለው የኪራይ ቤቷ ወሰደቻት። ያረፈችው እዚያ ነው፤ ድንኳኑም የተተከለው እዚያ ነው። የመካኒሳው ቤት ግን ተቆልፎ ቆየ። ከማረፏ በፊት ሁለታችንን አስጠርታ የተናገረችው ቃል ግልጽ ነበር። «ሽጣችሁ ተካፈሉ። አብረን እንኖርበታለን ብላችሁ እንዳትጣሉ» አለችን። እርሷ ራሷ በአባቷ ቤት ምክንያት ከወንድሞቿ ጋር ተኳርፋ ያረጀች ሴት ስለነበረች፣ ቃሏን ያለ ክርክር ተቀበልን።

ለእህቴ ነገሩ ቃል ማክበር ብቻ አልነበረም። ከወጣትነቷ ጀምሮ ተመዝግባ ስትጠብቀው የኖረችው ኮንዶሚኒየም በመጨረሻ ዕጣው ወጥቶላት ነበር። ቅድመ ክፍያውን በተሰጣት ጊዜ ውስጥ ካልከፈለች ቤቱ ለሌላ ተመዝጋቢ ይተላለፋል። ስለዚህ የእናታችን ቤት ክረምቱ ሳይወጣ መሸጥ ነበረበት። ካልተሸጠ እህቴ ሁለት ልጆቿን ይዛ ከአከራይ ወደ አከራይ መዞሯን ትቀጥላለች።

ቤቱ የጭቃ ቤት ነው። ድሮ አንድ ሰው ለኪራይ ብሎ የሠራው ረጅም ቤት በኋላ ለሁለት ተከፍሎ፣ ግማሹ ለእኛ ግማሹ ለጎረቤታችን የደረሰ ነው። ጣሪያው አንድ፣ መካከለኛው ግድግዳ የጋራ፣ ግቢውና የውጭ በሩ ግን ለየብቻ ነበር። በሌላኛው ግማሽ የእናቴ የወጣትነት ጓደኛ የነበሩ አሮጊት ይኖራሉ። ወድቀው ወገባቸው ከተጎዳ ወዲህ ከአልጋ አይወርዱም። የምታስታምማቸው አንዲት ሴት ልጃቸው ናት፤ በዕድሜ እህቴን ትበልጣለች።

የመጀመሪያዎቹን ገዢዎች ለሽያጩ የቀጠርኩት ደላላ ይዟቸው የሄደ ዕለት፣ ሥራ ላይ እያለሁ ደወለልኝ።

«ወንድሜ፣ ቤቱ ውስጥ የቀረ ሰው አለ እንዴ?»

«ማንም የለም። ቁልፍ ያለው እኔ ጋና አንተ ጋ ብቻ ነው።»

«እንግዲያው ቁጭ ብለን እናውራ። እኔ የሚያፈስ ቤት አሽጫለሁ። ክስ ያለበትም አሽጫለሁ። የሚመልስ ቤት ግን አሽጬ አላውቅም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ከደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ሲል ከውስጥ «ደጆች!» ተብሎ እንደሚመለስለት በዚህ ከተማ ያደገ ሁሉ ያውቃል። ዛሬ ዛሬ ስልክ ደውሎ «በር ላይ ነኝ» ማለት ስለተለመደ እየቀረ መጣ እንጂ፣ በእኛ ሰፈር ገና አልጠፋም። የገዢው ሚስት ደላላው ቁልፉን ሲፈልግ በልማድ «ቤቶች!» ብላ ተጣራች። ከመኝታ ቤቱ በኩል ደከም ያለ የሴት ድምፅ «ደጆች!» አላት። በሩ ሲከፈት ውስጡ ባዶ ነበር፤ ከእናቴ አልጋ ቋሚዎች በቀር የሚታይ ነገር የለም። ሴትየዋ አማትባ ወጣች። ባልየውም የዋጋ ነገር ሳያነሳ ተከተላት።

እኔ በጋኔን አላምንም። በደላላ ግን ከዚያ ያነሰ ነው የማምነው። ወሬ አስወርቶ ዋጋውን ካወረደ በኋላ በሌላ ሰው ስም ሊገዛው ነው ብዬ ደመደምኩ። በማግስቱ ቁልፉን ተቀብዬው ሙሉ ቅዳሜን በባዶው ቤት ውስጥ መጽሐፍ ይዤ ተቀመጥኩ። ከዝናቡና ከአይጥ ኮሽታ በቀር ምንም አልሰማሁም። እህቴም በሌላ ቀን ሄዳ ቤቱን ስትጠርግ ዋለች፤ እርሷም አልሰማችም። ድምፁን የሚሰሙት ደላላው ይዟቸው የሚመጡ ሰዎች ብቻ ናቸው ማለት ነው። ሌላ ደላላ ቀጠርኩ። የእርሱም ገዢዎች ያንኑ ቃል ሰምተው ሄዱ። በሳምንቱ ሰፈሩ ሁሉ አወቀው፤ የታክሲ ረዳት ሳይቀር «ወራጅ አለ፣ የሚመልሰው ቤት ጋ» እያለ ይቀልድ ጀመር።

ሁለት የማይተዋወቁ ደላላዎች አንድ ዓይነት ውሸት ሊፈጥሩ ስለማይችሉ ጥርጣሬዬን ማዛወር ግድ ሆነብኝ። ያዛወርኩት ወደ ጎረቤታችን ልጅ ነበር። ለዚህም ምክንያት አላጣሁም።

በቀብሩ ዕለት ከእኛ ከልጆቿ ባልተናነሰ አልቅሳለች፤ ከራስ እስከ እግሯ ጥቁር ለብሳ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ግን ከበራቸው አጠገብ ባለው ሱቅ ጥግ ቆማ ጥቁሩን ነጠላና ሻሿን ስታወልቅ፣ አጣጥፋ ፌስታል ውስጥ ስትከት፣ ከዚያም በአበባማ ቀሚስ ወደ ግቢዋ ስትገባ አየኋት። ሐዘኗ ለሰው ዓይን ኖሯል አልኩ። ቀጥሎ «የሚሸጥ ቤት» ብዬ በራችን ላይ የለጠፍኩት ወረቀት ጠፋ። ብጠይቃት ዓይኗን እንኳ ሳትሰብር «እኔ ነኝ ያነሳሁት» አለችኝ። «ብትፈልግ በስልክ ሽጥ፤ በር ላይ ግን አትለጥፍብን።» ደግሞም እናቷን ልጠይቅ በሄድኩ ቁጥር በሩን በትከሻዋ ይዛ «ተኝታለች» ትለኛለች፤ ክንዴን ጨብጣም እስከ አስፋልቱ ትሸኘኛለች። እዚያ እስክንደርስ ከሹክሹክታ በላይ አታወራም።

ይህን ሁሉ ለእህቴ በቅደም ተከተል አስረዳኋት።

«ቤቱን በርካሽ ልትጠቀልለው ነው» አልኳት።

«በምኗ? ለእናቷ መድኃኒት መግዣ የምትበደር ሴት?»

«ከኋላዋ ሰው ሊኖር ይችላል።»

«አንተ ሊቅ፣ መጽሐፍ ባበዛህ ቁጥር ሰው ሁሉ ሌባ እየመሰለህ መጣ። ይልቅ ቄስ ጥራና ጠበል አስረጭልኝ።»

«ጠበል የሚረጨው ጋኔን አለ ብለን ካመንን ነው።»

«እኔ የማምነው ዕጣዬ እንደሚያልፍብኝ ነው» አለች። ጨዋታዋ እዚያ ላይ ቆመ። ከዚያ በኋላ የልጇን ደብተር ስታይ ቆየች፤ ግን ገጹን አልገለጠችውም።

ያን ምሽት ወደ ክፍሌ ስመለስ አንድ ቀላል ነገር ልብ አልኩ። እኔና እህቴ ወደዚያ ቤት የምንገባው በቁልፍ ነው። የቤት ልጅ «ቤቶች!» ብሎ አይጣራም፤ የሚጣራው እንግዳ ነው። ድምፁን ያልሰማነው፣ ለካ ጠርተነው ስለማናውቅ ኖሯል።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ እንዳባራ ሄድኩ። ባደግኩበት ደጅ እንደ እንግዳ ቆሜ መጣራቱ አሳፍሮኝ ግራ ቀኝ ተመለከትኩ። ከዚያ ተጣራሁ።

«ቤቶች!»

«ደጆች!»

ቃሉ መጨረሻው ላይ ሳብ ይል ነበር፤ እናቴ ትመልስ የነበረው ልክ እንደዚያ ነው። በሩን ከፍቼ ስገባ ድምፁ እንደገና፣ «ማን ልበል?» አለ። ወዲያው ሌላ ድምፅ፣ የማውቀው፣ «እማ፣ ማንም የለም፤ ንፋስ ነው፤ ተኚ» ሲል ሰማሁ። ሁለቱም ድምፆች የሚመጡት ሁለቱን ቤቶች ከሚያገናኘው ኮርኒስ በላይ ነበር።

በጎረቤቶቻችን በር ላይ ስደርስ ልጅቷ ቀድማ ወጥታ በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።

«ሰማህ?» አለችኝ።

«ሰማሁ። ገዢ ማባረር ምን ይጠቅምሻል?»

«ቀስ በል፣ እባክህ። መርዶ አልነገርናትም።»

ቁልፉን ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

«ሐኪሙ ልቧ ደክሟል፣ አታስደንግጧት አለኝ። እናትህ ልጇ ጋ ናት፣ እየተሻላት ነው ብያታለሁ። ከወደቀች ወዲህ አልጋዋን ወደ ጓዳ፣ የእናንተን ግድግዳ አስጠግቼዋለሁ። እስክትመለስ ቤቷን የምጠብቅላት እኔ ነኝ ብላ ሰው በተጣራ ቁጥር ትመልሳለች። ተይ ብላት ለምን ትለኛለች። ምን ልበላት? አንተ የተማርከው ንገረኝ።»

በቅደም ተከተል የደረደርኩት ማስረጃ ሁሉ አሁን ሌላ ነገር ይመሰክር ነበር። ጥቁሩን ሱቅ ጥግ የምታወልቀው እናቷ እንዳያዩባት ነው። ወረቀቱን ያነሳችው አሮጊቷን ሊጠይቁ የሚመጡ ሰዎች አንብበው እንዳያወሩ ነው። እኔን ወደ ውስጥ ያላስገባችኝም ፊቴ ላይ ሐዘን ስላለ ነው። ይቅርታ ጠየቅኳት። «እኔም ባንተ ቦታ ብሆን እጠረጥር ነበር» አለችና የታጠበ ልብስ ልታሰጣ ገባች።

ሦስተኛዎቹ ገዢዎች ልብስ ሰፊ ባልና ሚስት ነበሩ። ከመምጣታቸው በፊት ለደላላው የድምፁን ምንጭ ነገርኩት፤ የታመሙ ጎረቤት ናቸው፣ ሰው ሲጣራ ይመልሳሉ አልኩት። ስለ መርዶው ግን አንድ ቃል አልተነፈስኩም፤ ለደላላ የተነገረ ምሥጢር ማታውኑ መካኒሳን እንደሚያዳርስ እርግጠኛ ነበርኩ። ለገዢዎቹም ቢሆን የሚያስፈልጋቸው ግማሹ እውነት ብቻ መስሎ ታየኝ። ባልና ሚስቱ ነገሩን ሰምተው ሳቁ። ሚስትየዋ «ታዲያ መልካም ጎረቤት ማለት እኮ ነው» አለች። ውሉ ተፈረመ፤ እህቴም ጊዜው ሳያልፍባት ከፈለች። የባንክ ደረሰኙን ፎቶ አንስታ ስትልክልኝ ከሥሩ የጻፈችው «ከጠበሉ ወጪ አዳንከኝ» የሚል ብቻ ነበር።

ቁልፉን ባስረከብኩበት ቀን ከባልየው ጋር ግቢ ውስጥ ሆነን የውሃ ቆጣሪውን አሳየው ነበር። ሚስትየዋ መጥረጊያና ባልዲ ይዛ ዘግየት ብላ ደረሰች። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ቤቱም የራሷ ሆኗል። እርሷ ግን በደንብ ያደገች ሴት ነችና ሳትጣራ አልገባ አለች።

«ቤቶች!»

«ደጆች! ማን ልበል?»

ሴትየዋ ወደ ግድግዳው ዞራ ፈገግ አለች። መሮጥ እንደነበረብኝ የገባኝ አፏን ከከፈተች በኋላ ነው።

«እኛ ነን እማማ፣ አዲሶቹ ጎረቤቶችዎ። ቤቱን ገዝተነው ነው። ስንረጋጋ መጥተን እንጠይቅዎታለን።»

ከግድግዳው ወዲያ ምንም አልተመለሰም። እናቴ በሕይወት እያለች ያንን ቤት እንደማትሸጥ ከማንም በላይ የሚያውቁት እርሳቸው ነበሩ።

ወደ እነርሱ ቤት ስሄድ የጎረቤታችን ልጅ በሩን ክፍት ትታ ቆማለች፤ ያን ቀን አልከለከለችኝም። አሮጊቷ ትራስ ተደግፈው ቀና ብለዋል። እያለቀሱ አልነበረም።

«ና ቁጭ በል» አሉኝ። «ተሠቃየች?»

«አልተሠቃየችም። በእንቅልፏ ነው።»

«የት ተቀበረች?»

ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጠርጥሬስ ነበር» አሉ ልጃቸውን እያዩ። «ይቺ አንድ ቀን ከውጭ ስትመጣ በር ላይ ውሃ ሲንቆረቆር ሰማሁ። ሳይገባ ደጅ ቆሞ እጁን የሚታጠበው ከቀብር የመጣ ሰው ነው። የማን ቀብር ነው ብዬ ልጠይቃት አሰብኩና ተውኩት።»

«ለምን ተዉት?» አልኩ።

«እርሷ እኔ እንዳልደነግጥ ስትጨነቅ አየኋት። ካወቅሁ እርሷ ትደነግጣለች ብዬ ነዋ።»

ልጃቸው ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ ግን የመጣሁበትን ጥያቄ ሳልጠይቅ መሄድ አልቻልኩም።

«ከጠረጠሩ፣ ታዲያ ለምን ይመልሱ ነበር?»

«አንተ ደግሞ፣ ሰው ደጅ ቆሞ ሲጣራ ዝም ይባላል?» አሉኝ፤ ንግግሬ አስተዳደጌን ያጠራጠራቸው ይመስል ነበር። ቀጥለው ወደ ልጃቸው ዞረው፣ «ያን ጥቁሩን አምጪልኝ። ከነፌስታሉ» አሉ።

በዚያው ሳምንት አልጋቸው ከጓዳው ግድግዳ ተነሥቶ ወደ ሳሎኑ፣ መንገድ ወደሚታይበት መስኮት ተወሰደ። አዲሶቹ ባለቤቶች የውጭ በሩን ቀለም ቀቡት፤ የኤሌክትሪክ ደወልም ገጠሙለት። አንድ ጊዜ በዚያ ሳልፍ በአሮጌው ልማድ ተጣራሁ። የከፈተልኝ ሰው «ደወል እኮ አለ» አለኝ። ከግድግዳው በኩል የመለሰ አልነበረም።

የጠፋው ይህ ነው፤

አንዲት እናት።
ሦስት ክፍል ቤት።
አንድ ቃል።