በሰሊጥ ዘይት የተቀባው ግድግዳ

ልጅ እያለሁ የዓለም ውበት ሁሉ አንድ ግድግዳ ላይ ነበር ብል የዘመኔ ሰዎች አጋነንሽ ትሉኝ ይሆናል። እናንተ ስለ ልጅነታችሁ ስትጽፉ ወንዙ ሁሉ ንጹሕ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደግ፣ ዝናቡም ሁልጊዜ በጊዜው የሚመጣ ነው። እኔ ያደግሁት መተማ ነው። እዚያ ወንዙ የዓመቱን ግማሽ አሸዋ ነበር፤ ጎረቤቱም እንደ የትኛውም አገር ጎረቤት ነበር። ግድግዳው ግን በእውነት ቆንጆ ነበር። ጣጣውን ያመጣብንም ቁንጅናው ነው።

አባቴ አለሙ ከጭልጋ ወርዶ ቆላ የሰፈረ፣ ማሽላና ሰሊጥ የሚያርስ ሰው ነበር። ቤታችን በእንጨት ተማግራ በጭቃ የተመረገች ክብ የሣር ቤት ስትሆን፣ ፊቷን ከወንዙ ማዶ ወዳለችው የሱዳን ከተማ ወደ ገላባት ለሚያሻግረው መንገድ ሰጥታለች። ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት በበጋ፣ አንድ ትልቅ ሹም ለጉብኝት ይመጣል ተባለና መንገድ ዳር ያለ ቤት ሁሉ ፊቱ በኖራ እንዲነጣ ታዘዘ። አስተርጓሚው ከበቅሎው ሳይወርድ ነው የነገረን። ሹሙ በሚያልፍበት ቀን ነጭ ሆኖ ያልተገኘ ቤት ይፈርሳል አለና ሄደ። ውስጡስ ምን ይሁን ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ሹሙ የሚያየው በመኪናው መስኮት ነዋ።

ሰፈሩ በአንድ ሳምንት ውስጥ ግንበኛ ሆነ። ኖራ ውሃ ሲነካው እየተንፈቀፈቀ ይፈላል፤ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል፤ ጣት መሐል የገባ እንደሆነ ደግሞ እንደ በርበሬ ያቃጥላል። እኛ ልጆች ያንን እያወቅን እጃችንን እንነክርና ፊታችንን ነጭ አድርገን ሹም ሹም እንጫወት ነበር። አዋቂዎቹ የዘንባባ ቅጠል ጫፉን ቀጥቅጠው ብሩሽ አበጁ። አብዛኛው ሰው አንድ ጊዜ ለቅለቅ አድርጎ ተገላገለ። የታዘዘው ለአንድ ቀን ነበርና ልክ ነበሩ።

አባቴ ግን በዚያ ዓመት የአንድ ጣሊያናዊ ግንበኛ ረዳት ሆኖ ድንጋይ ሲያቀብል ነበር የከረመው። አስተውሎ የሚያይ ሰው እጅ ላይ ሥራ ሲወድቅ አደገኛ ነው። መጀመሪያ የግድግዳውን ስንጥቅ ሁሉ ፈለፈለው። የቆላው ጥቁር አፈር ሲደርቅ ይሰነጠቃል ብሎ የኩይሳ አፈር አስመጣ፤ ከእበትና ከተከተፈ ሣር ጋር በእግራችን ረገጥንለት፤ እንደገና መረገው። ከዚያ በኋላ ግንበኛው ኖራው ዝናብ እንዲችል የቀለጠ ሞራ ሲጨምርበት ማየቱ ትዝ አለው። ሞራ አልነበረንም። የቆላ ሰው ሞራው ሰሊጥ ነው ብሎ ወደ እናቴ የዘይት እንስራ ሄደ።

ያ ዘይት የዓመት ዘይታችን ነበር። ማዶኛው ነጋዴ ሼህ ኢድሪስ፣ ግመላቸው ቀኑን ሙሉ እየዞረች በምታንቀሳቅሰው መጭመቂያ ያወጡልን ነው። እናቴ እንስራው ፊት ቆማ፣ “ቤቱ ጠጉር አለው እንዴ ቅባት የምትቀባው?” አለችው። እሱ ሳቀ። እሷም ሳቀችና ዘወር አለችለት። ሽማግሌዎች “ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል” የሚሉት ለካ እንዲህ ያለውን ሳቅ ነው።

ኖራውን በዘይቱ ለውሶ ሦስት ጊዜ ደራርቦ ቀባው። ጎረቤታችን አያ በሪሁን፣ ሰፈሩ በምላሳቸው የሚፈራቸው አዛውንት፣ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ሲያዩት ቆዩና ታቦት ልታስገባበት ነው ወይ ብለው ጠየቁት። ሹሙ መጣ፤ አቧራ አልብሶን አለፈ። ተኝቶ ነበር ያለፈው የሚሉም አሉ።

ክረምት ገባ። በመጀመሪያው ዶፍ የሰፈሩ ነጭ ሁሉ እንደ ተደፋ ወተት መሬት ለመሬት ሄደ። የእኛው ላይ ውሃው ተንከባልሎ ወረደ፤ ግድግዳው ታጥቦ ይበልጥ ነጣ። አባቴ ዝናቡ ውስጥ ቆሞ ሲያየው ትዝ ይለኛል፤ ሰው በሕይወቱ ስንት ጊዜ እንደዚያ ይቆማል? ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ በእርጥብ ጨርቅ እወለውለው ነበር። ልጆች እንዳይደገፉት ተጣልቻለሁ፤ አንዷን ነክሻታለሁ። ግመል ነጂዎች ከሩቅ እያዩት “ከነጩ ቤት ወዲህ፣ ከነጩ ቤት ወዲያ” እያሉ አገር ይለኩበት ጀመር። እኔም አገር የሚለካብኝ ይመስለኝ ነበር።

ሦስት ክረምት ቻለ። በሦስተኛው መግቢያ ጣሊያንና እንግሊዝ ተጣልተው ነበርና፣ በጥቅምት ከወንዙ ማዶ የእንግሊዝ መድፍ ይሰበሰባል የሚል ወሬ መጣ፤ አውሮፕላንም ማለዳ ማለዳ በላያችን ማለፍ ጀመረ። ወታደሮቹ መኪናቸውን ጭቃ ቀቡ። ሴቶች ነጠላቸውን ውጭ ማስጣት ተዉ። መንገድ ዳር ያሉት ቤቶች ሁሉ ወደ ጭቃ መልካቸው ተመልሰው ነበርና፣ ከማዶ ለሚያነጣጥር ሰው የሚታየው አንድ ነገር ብቻ ቀረ። በዚህ ጊዜ ያዘዘን አልነበረም። አዛዦቹ የምሽግ ጉድጓድ ውስጥ ነበሩ።

አባቴ ሳይነገረው ገባው። ጭቃ አቡክተን በላዩ ለጠፍን። ጭቃው እርጥብ እያለ ያዘ፤ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ እከክ እየተላጠ ወደቀ። ደግመን ለጠፍን፤ ደግሞ ወደቀ። ከሰል ፈጭተን በውሃ በጥብጠን ደፋንበት፤ ተንከባልሎ ወረደ። በማጭድ ፋቀው፤ ነጩ ውስጥ ለውስጥ ሰርጎ ስለነበር ከነጩ ሥር ሌላ ነጭ ወጣ። ከሰሉ በዘይት ቢለወስ ይይዛል ብላ የመከረችው እናቴ ነበረች። ግን ዘይት ከየት ይምጣ? ሼህ ኢድሪስ ግመላቸውን ይዘው ወደ ማዶ ተሻግረዋል። በመጨረሻ የማሽላ አገዳ ቆርጠን ከላይ እስከ ታች አስደገፍንበት። ለአንድ ቀን ቤቷ ተደበቀች። በነጋታው ወታደሮች መጡና መኪና መሸፈኛ ብለው አገዳውን ጭነው ሄዱ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አያ በሪሁን ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። በአገራችን ልማድ ሽማግሌ ለልመና ሲመጣ ቆሞ ይጠብቃል፤ የጠየቀውን ሳያገኝ አይቀመጥም፣ አይቀምስም። ልጅ ለትዳር ለመጠየቅ የሚመጡ ሰዎች እንደሚቆሙት ደጃችን ላይ ቆሙ። እናቴ በርጩማ አወጣች፤ አልተቀመጡም። ጠላ ቀዳች፤ ዋንጫውን የተቀበለ የለም። እኔ የእናቴን ቀሚስ ይዤ፣ እነዚያ ሁልጊዜ የሚቀልዱት ሰውዬ መቼ ይሆን የሚቀልዱት እያልሁ እጠብቅ ነበር።

“አለሙ፣ ልጆች አሉን” አሉ አያ በሪሁን።

አባቴ ወደ ግድግዳው ዞረ። “እኔስ ምን አለኝ?” አለ።

“አንተም ልጅ አለህ። አንድ ላይ እኮ ነው ያለነው።”

አፍርሰው የሚል ቃል ከማንም አልወጣም። ብዙ መጻሕፍት አንብቤያለሁ፤ ስለ ጦርነት የጻፉት ሰዎች ጀግናና ከሃዲ ነው የሚያሳዩኝ። ያን ቀን ደጃችን ላይ ሁለቱም አልነበሩም። የተቆጡ እንኳ አልነበሩም። ልክ የሆነ ነገር የሚለምኑ ሰዎችና እምቢ ማለት የማይችል ሰው ነበሩ። ክፉ ሰው በመካከላችን ቢኖር ምንኛ በቀለለን።

አባቴ ተቀመጡ አላቸው። ተቀመጡ፤ ዋንጫውንም ተቀበሉ። በዚህ ነገሩ አለቀ።

ዶማውን እናቴ ናት ያቀበለችው። የጠፍር አልጋችንን አንጋሬቡን፣ እንስራውንና አውድማ ያልደረሰውን ማሽላ ከቤት ካወጣን በኋላ አባቴ ከበሩ ቀኝ ጀመረ። ደህና አድርጎ የሠራው ሰው ስለሆነ ለማፍረስ ተቸገረ። አያ በሪሁን ምርኩዛቸውን ጥለው ሊያግዙት ሲነሱ በእጁ መለሳቸው። ግድግዳው ሲወድቅ በሰፊ በሰፊው እየተገመሰ፣ ነጩን ፊቱን ወደ ሰማይ አድርጎ ነበር የሚወድቀው። ስለዚህ የወደቀውን ደግሞ አንድ በአንድ እየገለበጥን ነጩን ወደ መሬት አዞርን። የእኔ ሥራ እሱ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ የምወለውለውን ቦታ በእጄ አውቀዋለሁ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ተኩሱ ተጀመረ፤ እኛ ግን ቀድመን ወደ ጭልጋ ወጥተን ነበር። በተከታዩ ዓመት ስንመለስ ከመንገድ ዳር ቤቶች የተረፉት ተርፈዋል፣ የተቃጠሉት ተቃጥለዋል። የነጩ ቤት መፍረስ ማንን እንዳዳነ፣ ወይም ማንንም እንዳላዳነ የሚያውቅ ሰው የለም። የተረፉት ጎረቤቶቻችን ግን አለሙ ነው ያተረፈን ብለው ደምድመው፣ በየድግሱ ከላይ ያስቀምጡት ነበር። አባቴ ያንን ወንበር እንደ ቅጣት ነበር የሚቀመጥበት። አዲስ ቤት ሠራ፤ መረገው፤ ውጩን ኖራ ሳያስነካው ተወው።

ዛሬም መንገድ ዳር ያለ ቤት እንግዳ ሲመጣ ቀለም ይታዘዝለታል። እኔ አሁን ከተማ ነው የምኖረው፤ አጥሬን እንዳስቀባ ደብዳቤ ደርሶኝ ያውቃል። እንዳየሁት የታዘዘው ቀለም አንድ ክረምት አይሻገርም፤ ቀቢውም አይገርመውም፣ አዛዡም አይገርመውም። ድሮም እንዲህ ነበር፤ ሰፈራችን ሁሉ እንዲህ ነበር። በዘመናችን ሰው ብልህ ነበር፣ ሥራ ያከብር ነበር የምትሉኝን አልቀበልም። አንድ ሰው ብቻ ነው ያየሁት፤ ለእሱም ምን እንዳተረፈለት አይቻለሁ።

አባቴ ካረጀ በኋላ፣ ዓይኑ ደክሞ ውጭና ውስጥ መለየት ሲያቅተው፣ አንድ ቀን ከእግሩ ሥር ተቀምጬ ሳለ እንዲህ አለኝ፦ “ባናፈርሰው ኖሮ፣ እስከ ዛሬ ነጭ ነበር።”

የሰው ነገር ሳልቃወም ውዬ አላድርም። በዚህ ግን፣ አዎ አባባ፣ አልሁት።