የቅቤ ጠባቂዋና የርችቱ ፎቶ

ወይዘሮ ጣቢታ ሰው አያምኑም። ሆሳዕና ገበያ ቅቤ ሲገዙ ላዩን ቀምሰው አያልፉም፤ ስንጥር እስከ መሃሉ ሰደው፣ አውጥተው፣ አሽትተው፣ «ውስጡ ሌላ ነው» ይላሉ። የሰፈሩ ሴቶች ግን የሚወዷቸው በዚሁ ጠባያቸው ነው። ለያሆዴ በዓል ዓመቱን ሙሉ እያዋጡ የሚያጠራቅሙትን የዊጆ፣ የማኅበራቸውን ቅቤ የሚያስቀምጡት እሳቸው ዘንድ ነው። ማሰሮዎቹ ከግቢው ጥግ ባለችው እቃ ቤት ተደርድረዋል። አንዷ ብትጎድል የአንዲት እናት በዓል ደረቅ ይሆናል፤ የወይዘሮ ጣቢታም ስም አብሮ ይጎድላል።

ቅቤው ሊከፋፈል አንድ ቀን ሲቀረው ፈትሁዲን መጣ። በግቢያቸው ያለችውን ሰርቪስ የተከራየ ጎልማሳ ነው፤ ፎቶ ቤት ይሠራል፤ ከገባ ገና ብዙ አልቆየም።

«እትዬ፣ ዛሬ ማታ ርችት ይተኮሳል ተብሏል። ከእርስዎ በረንዳ ሆኜ ፎቶ ላነሣ ነበር።»

«አንሣ። ማን ከለከለህ?»

«የግቢውን አምፖል ግን ያጠፉልኛል?»

«ፎቶ የሚነሣው በብርሃን አይደል እንዴ?»

«ይሄኛው በጨለማ ነው። ካሜራው ቶሎ አይዘጋም፤ ርችቱ ከወጣበት እስኪረግፍ የሄደበትን መንገድ ሁሉ ይሰበስባል። አምፖል ከበራ ግን ብርሃኑ ይውጠዋል።»

«እኔስ የት ልሁን?»

«እርስዎማ ከሰፈሩ ሰው ጋር ወጥተው ይዩ እንጂ! ከመንገዱ የበለጠ ይታያል።»

መብራት ይጥፋ፣ ባለቤቷም ትውጣ! ያልጠረጠረ ተመነጠረ አሉ በልባቸው። ለጎረቤታቸው ለጵርስቅላ ሹክ ቢሏት ሳቀችባቸው።

«ኧረ ልጁ ጨዋ ነው።»

«ሌባ ጨዋ ካልመሰለ በምን ይገባል?»

ሲመሽ አምፖሉን አጠፉ። ነጠላቸውን ተከናንበው «ደህና አምሽ» ብለው ወጡና በጓሮ በኩል፣ በእንሰቱ መሃል ዞረው ተመለሱ። ፈትሁዲን ካሜራውን በሦስት እግር ማቆሚያው ላይ አቁሞ ሰማይ ሰማይ ያያል። የመጀመሪያው ርችት ፈነዳ፤ ቀይ ሆነ፣ ከዚያ አረንጓዴ። ከመንገድ ሕፃናት ጮኹ። ወይዘሮ ጣቢታ ግን ቀና አላሉም። ሰው ሁሉ ወደ ላይ ሲያይ ሌባ ታች ነው የሚሠራው። የእጅ ባትሪያቸውን ወደ መሬት ደፍተው እቃ ቤቷን ይዞሩ ጀመር። ቁልፏን ነካ፣ መስኮቷን ነካ፣ እንደገና ዞር። ርችቱ እስኪያበቃ እግራቸው አላረፈም።

በማግስቱ ሴቶቹ መያዣቸውን ይዘው መጡ። ቅቤው ከነማሰሮው ሙሉ ነው። ድርሻው ሲዳረስ ፈትሁዲን ፎቶውን ሊያሳያቸው ስልኩን ይዞ ወጣ። ከላይ ርችቱ እንደ ዘንባባ ተዘርግቷል። ከታች እቃ ቤቷን ቢጫ የብርሃን መስመር እንደ ክር ጠምጥሟታል። ሰው ግን አይታይም።

«ምንድን ነው ይሄ? እባብ?» አለች አንዷ።

ጵርስቅላ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። «የምን እባብ፣ ባትሪ ነው እንጂ! ይኸው በሩ ጋ ቆሟል፣ ይኸው መስኮቱ ጋ... ጣቢቴ! አንቺ ነሽ!»

ሴቶቹ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «በሉ፣ የከርሞውም ቅቤ ከዚህ ቤት አይወጣም!» ተባለ። ወይዘሮ ጣቢታም ደስ አላቸው፤ ደስታቸውን ግን ወደ ማሰሮው ጎንበስ ብለው ሸሸጉት።

ፈትሁዲን አልሳቀም።

«ከማን ነበር የሚጠብቁት፣ እትዬ?»

«ከጅብ።»

«ጅብ ቅቤ ይወዳል?»

«ማን ያውቃል!»

ሴቶቹ ሲሄዱ ከራሳቸው ድርሻ ቆርሰው፣ በኮባ ጠቅልለው ሰጡት። በሁለት እጁ ተቀብሎ አመሰገነ፤ ቀና ብሎ ግን አላያቸውም።

ያን ዕለት ወደ ማምሻው ግቢውን ሲጠርጉ በሰርቪሷ በር ላይ አዲስ ቁልፍ ተንጠልጥሎ አዩ። እስከዚያን ቀን በሩን በሲባጎ ብቻ አስሮ ነበር የሚወጣው። መጥረጊያቸውን ይዘው ቆሙ። ቁልፉ ትልቅ ነው፣ ያብረቀርቃል። ጠጋ ብለው ሳብ፣ ሳብ አደረጉት።

ምን ቢያስቀምጥ ነው?