በመርጋ ትከሻ የተለካው ማንገቻ

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ የልጅ ልጅ ስምቦ የሌንስ ቦርሳ ልትገዛ ስትል እኔን አስከትላ ሄደች። አምቦ ውስጥ የሠርግና የምርቃት ፎቶ ማንሳት ከጀመረች ወዲህ እንደ ባለሙያ ታማክረኛለች። በወጣትነቴ የፎቶ ሥራ እንደሞከርኩ ታውቃለች፤ ለምን እንደተውኩት ግን ነግሬያት አላውቅም። ባለሱቁ ሦስት ቦርሳ ባንኮኒው ላይ ደረደረልን። እሷ ዚፑን ትከፍታለች፣ ስፖንጁን ትጫናለች፣ ዝናብ ያስገባ እንደሆነ ትጠይቃለች። የኔ ዓይን ያረፈው ማንገቻው ላይ ነበር።

«ከጓደኛዬ ጋር ነው የምንሠራበት፤ ለሁለታችንም የሚሆን ይሁን» አለችው ባለሱቁን።

ይህን ስትል መርጋ ትዝ አለኝ።

ጊዜው የጃንሆይ መንግሥት መጨረሻ ገደማ ነው። መርጋና እኔ ሁሉቃ ወንዝ ዳር አብረን ያደግን፣ እናቴ ከጋገረችው ዳቦ እኩል ተካፍለን የበላን ባልንጀሮች ነበርን። አምቦ ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተን ፎቶ ቤት ከፈትን። ካሜራው ከነአጭሩ ሌንስ የሱ ነበር፤ ረጅሙ ሌንስና ፍላሹ ደግሞ የኔ። የሱ ዕቃ ያለኔ ሊሠራ እንደሚችል፣ የኔው ግን ያለሱ ከንቱ መሆኑን ያኔ አስቤው አላውቅም። ባልንጀራ ላይ እንዲህ ያለ ሂሳብ ማን ያወራርዳል?

ጥር ሲገባ ከጊንጪ እስከ ጉደር ያለው መንገድ ሠርግ በሠርግ ይሆናል። አቧራውም እንደዚያው ነው። ዕቃችንን በአሮጌ ጋቢ ጠቅልለን በእንጨት ሳጥን እንይዝ ነበርና አቧራው ካሜራው ሆድ ድረስ እየገባ አንዲትን ሙሽራ ኩፍኝ የወጣባት አስመስሎ አወጣብን። ሙሽራዋ ፎቶዋን አይታ ያለቀሰችው ለቅሶ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ከዚያ በኋላ ቦርሳ እናሠራ ተባባልን።

እኔ ሁለት ትንንሽ ቦርሳ ይሁን አልኩ፤ አንዳችን ብንወድቅ የሌላኛው ይተርፋል። መርጋ አልተስማማም።

«ሙሽሮቹን አቁሜ ሌንስ ልለውጥ ስል አንተን ከጨፋሪ መሐል ልፈልግህ ነው? አንድ ትልቅ ቦርሳ ነው የሚያዋጣን።»

እውነት መሰለኝ። በገበያ ቀን ጊንጪ ወረድን። ከጭልሞ ጫካ የሚነፍሰው የጧት ብርድ ፊታችንን እየገረፈው፣ ትኩስ የገብስ ዳቦ በማር እየገመጥን ኦቦ ቶሎሳ ዘንድ ደረስን። ኦቦ ቶሎሳ ኮርቻ ሰፊ ናቸው። ረጅሙን ሌንስ በእጃቸው አገላብጠው አዩና «ይሄ እንቁላል ነው በሉኛ» አሉ። ውስጡን በብርድ ልብስ ገብረው፣ ለየሌንሱ ጎጆ ጎጆ እያበጁ እንደሚሠሩልን ነገሩን። ማንገቻውን ግን እንደ ኮርቻ ጠፍር፣ ዘለበት ሳይገባበት፣ ቁርጥ አድርገው ነው የሚሰፉት። አንዴ ከተሰፋ አይረዝም፣ አያጥርም።

«ኮርቻ በፈረሱ ጀርባ፣ ማንገቻ በተሸካሚው ትከሻ ነው የሚለካው» አሉ። «ማነው የሚይዘው?»

«እኔ» አለ መርጋ።

ኦቦ ቶሎሳ ወደኔ ዞሩ። «አንተስ፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ?»

«ያው ነው ኦቦ፤ የሱ ትከሻ የኔ ትከሻ ነው።»

«ቶሌ፣ እሺ» አሉና የጠፍሩን ጫፍ መርጋ ትከሻ ላይ እንድይዝላቸው ሰጡኝ። እኔ ያዝኩ፣ እሳቸው ቆረጡ። መርጋ ምሰሶ የሚያህል ሰው ነው፤ እኔ ደግሞ እንደምታዩኝ አጭር ነኝ። ቦርሳው አልቆ ሳነግተው ጉልበቴ ላይ ደረሰ። ሁለታችንም እስኪበቃን ሳቅን።

በዚያው ጥር እህቴ አስካለ ተዳረች። ባሏ ወደ ጊምቢ ሊወስዳት ነው፤ ያኔ ጊምቢ ማለት ሌላ አገር ማለት ነበር። እማዬ መስታወት ያለው የፎቶ ፍሬም ገዝታ፣ ባዶውን በሩ ትይዩ ሰቀለችው። «ልጄ ስትሄድ እዚህ ትቀርልኛለች» ትል ነበር። እኔ የሙሽራ ወንድም ነኝ፣ ቦታዬ በር ላይ ነው፤ ፎቶው የመርጋ ሆነ። «አስካለ የኔስ እህት አይደለችም? እናቴ ትሙት፣ ከሁሉ ቀድሜ እገኛለሁ» ብሎ ማለልኝ።

በዕለቱ ዳሱ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይሸታል። ሠርገኛው ከጉደር በኩል ዘፈኑን እያወረደ መጣ። ወጉ ነውና አናስገባም ብለን በሩን ዘጋን። ይህ ጨዋታ ነው፤ ትንሽ ተገፋፍቶ፣ ትንሽ ተሟግቶ መልቀቅ ነው። እኔ ግን በሚዜዎቹ ትከሻ መሐል መንገዱን እያየሁ አልለቅም አልኩ። እማዬ ከውስጥ «መርጋ ሳይመጣ እንዳትከፍት» ትለኛለች። ሙሽራው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቆይቶ ላብ አጠመቀው። አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ ወጉ ደርሷል፣ በቃ» አሉኝ።

«ጥቂት ታገሡን አባቴ። ፎቶ አንሺያችን አልደረሰም።»

«ረጅሙ ልጅ?» አለ አንዱ ሚዜ። «ጉደር ነው ያለው እኮ። ባላባቱ ልጁን እየዳረ ነው። ስናልፍ የቆዳ ቦርሳ አንግቦ ሙሽሮቹን ሲያስተካክል አይተነዋል።»

እጄ ከመቃኑ ላይ በራሱ ጊዜ ወረደ። ሠርገኛው የተሸነፍኩ መስሎት በእልልታ ገባ።

አስካለ ከእማዬ አንገት በግድ ተላቃ ሄደች። መርጋ ብቅ ያለው ሠርጉ ካለፈ ወዲያ ነው።

«ባላባት ጠርቶኝ እንዴት እምቢ ልበል? ስትመለስ ቀሚሱን አልብሰን እንደገና እናነሳታለን።»

«ከእማዬ አንገት ስትላቀቅ ያለቀሰችውንስ? እንደገና ታለቅስልሃለች?»

ወደ ቦርሳው ጎንበስ አለ። ከቦርሳው ረጅሙን ሌንስና ፍላሹን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረልኝ። ቦርሳውን አነገተና ወጣ። ዳሌው ላይ ልክክ ብሎ ነበር።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል። ባላባት ፈርቶ መሄዱን ይቅር ልለው እችል ነበር። እማዬ ያንን ባዶ ፍሬም ሳታወርደው መሞቷን ግን ምን ላድርገው? አስካለም ወልዳ ከብዳ አረፈች። ስምቦ አንዳንዴ «አያቴ ሙሽራ ሆና ምን ትመስል ነበር?» ትለኛለች። በቃል እነግራታለሁ፤ ቃል ደግሞ ፍሬም ውስጥ አይገባም።

ስምቦ የመረጠችውን ቦርሳ እኔ ላይ አነገተችው። ዘለበቱን ሳብ ስታደርገው ወገቤ ላይ መጣ። «አየህ አባባ፣ ለሁሉም ሰው ይሆናል።»

«ሥራ ስትጨርሱ ማን ዘንድ ያድራል?» አልኳት።

«ጓደኛዬ ዘንድ» አለች፤ ለማሰብ እንኳ አልቆመችም።

ላስጠነቅቃት አልኩና ተውኩት። ፊቷን አየሁት፤ ጊንጪ ገበያ ላይ የነበረኝ ፊት ነው። መርጋ ይዞብኝ የሄደው ቦርሳውን ብቻ አልነበረም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ማንንም አምኜ፣ ሌላ ሰው ሲለካ የጠፍሩን ጫፍ ይዤለት አላውቅም።