የአልማዝ ስሙኒ ለምን ከበደ?

የአባቴ ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ዛሬ እኔ ቤት መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። አቧራውን ባራገፍኩ ቁጥር ስሙኒ፣ የጫሞ ዓሣና የገዛ አፌ ትዝ ይሉኛል።

ልጅ ሆኜ፣ ስሙኒ ገና ከረሜላ በሚገዛበት ጊዜ፣ አባቴ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ የጅምላ ሱቅ ነበረው። የሳሙናና የላምባ ሽታ ተደባልቆ ከደጃፉ ይቀበላችኋል። የሚኒባስ ረዳቶች ዝርዝር ፍለጋ እኛ ጋ ስለሚመጡ አባቴ ከቸርቻሪዎች ሳንቲም እየሰበሰበ በወረቀት ብር ይቀይር ነበር። ታዲያ ያንን ሁሉ ማን ቁጭ ብሎ ይቆጥራል? ከባንክ የመጡ መቶ አዳዲስ ስሙኒዎች የያዘች ትንሽ የጨርቅ ከረጢት ነበረችው፤ «እናቲቱ» ይላታል። እናቲቱን በአንዱ ሳህን፣ የመጣውን ስሙኒ በሌላው ያደርጋል። እኩል ከሆነ መቶ ነው፤ ሃያ አምስት ብር ይከፍላል፣ አለቀ።

በየቅዳሜው ከሚመጡት አንዷ አልማዝ ነበረች። ጠዋት ከጫሞ ሐይቅ ዳር ዓሣ ትረከብና ገበያ ውስጥ ትቸረችራለች። ዓሣ አጥማጆቹ ሳንቲም አንቀበልም ስለሚሉ፣ አባቴ ስሙኒዋን ካልቀየረላት የምትረከበው ዓሣ የለም። አፏን የፈታችው በጋሞኛ ስለሆነ እኔን ሴቷን «አንተ» ነበር የምትለኝ። ደስ ይለኝ ነበር፤ እንደ ትልቅ ሰው እኮራለሁ።

የአልማዝ ስሙኒ ግን ሁልጊዜ ሚዛን ይደፋል። አባቴ እስኪስተካከል ድረስ ሁለት ያነሳና «ተርፎሻል፣ እንኪ» ይላታል።

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ መቶ ነው የቆጠርኩት።»

«ሚዛኑ ካንቺ ይበልጥ ያውቃል» ብሎ ይስቃል። እሷም ግራ እየገባት ትቀበላለች።

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ አንድ ቅዳሜ ሱቁ በሰው በተሞላበት ሰዓት፣ አባቴ ከአልማዝ የተቀበለውን ስሙኒ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት። በቆጠራ ማንም አይደርስብኝም ነበር፤ ጉራ አይደለም፣ ዛሬም እንደዚያው ነኝ። ዘጠና ስምንት ሆነ። ደገምኩት፤ ያው ዘጠና ስምንት። አልማዝ ገና ከደጃፉ አልራቀችም።

«አባዬ፣ ጎደለ! የሆነ ነገር ቀብታ አክብዳው ነው!» ብዬ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጮህኩ።

አባቴ ጠራት። «የሰው ሁሉ ስሙኒ ልኩን ሲመዝን፣ ያንቺ ብቻ ምን በልቶ ከበደ?» አላት። አልማዝ እጆቿን ገልብጣ አየቻቸው። ሰዉም ያያታል። «ሁለተኛ እዚህ ሱቅ ሳንቲም ይዘሽ እንዳትመጪ» ሲላት፣ የተመለሱላትን ሁለት ስሙኒዎች ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ ወጣች። እኔማ ሌባ እንደያዘ ሰው ደረቴን ነፍቼ ነበር።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ አባቴ «ይሄ የአልማዝ ስሙኒ ይሸታል፣ ረዳቶቹ አንወስድም አሉ፤ እጠቢው» አለኝ። ሳፋ ውስጥ በሎሚና በአሸዋ አሸሁት። ወይ ጉድ! ውኃው ጠቆረ፤ ላዩ ላይ ስብ ተንሳፈፈ። ከጠርዙ ጥርስ መሐል እድፉን በመርፌ ስፈለቅቀው የዓሣ ቅርፊት ጭምር ወጣ። የስንት ቀን የዓሣ እጅ ነው እላዩ ላይ ተጋግሮ የደረቀው! አድርቄ ሚዛኑ ላይ ብጭነው እናቲቱ ወደ ታች ወረደች። አልማዝ ጥላቸው የሄደችውን ሁለት ስሙኒዎች አጥቤ ጨመርኳቸው። ሁለቱ ሳህኖች እኩል ቆሙ። መቶ። እንዳለችው።

አባቴ ሳፋውን አይቶ «ላሃውላ!» አለና እጄን ይዞ እየጎተተ ገበያ ወሰደኝ። አልማዝ ባዶ የዓሣ ሳጥኗ አጠገብ ተቀምጣለች፤ አታላይ ናት የሚለው ወሬ ደርሷቸው አጥማጆቹ ዓሣ ስለከለከሏት ሁለት ቀን ሙሉ አልሸጠችም። «አልማዝ፣ አፉ በይኝ። እስከ ዛሬ የዓሣ ስብ ነው ስመዝን የኖርኩት» አላትና ወደ እኔ ዞረ። «አንቺም ያን ቀን በጮህሽበት ድምፅ ተናገሪ።» ድምፅ እንኳ አላነሰኝም። «አልማዝ አላታለለችም! እኔ ነኝ የተሳሳትኩት!» ብዬ ጮህኩ፤ ገበያው ሁሉ ዞረ። አልማዝ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ «አንተ ልጅ፣ በቃ፣ ዓሣዎቹ ይደነግጣሉ» አለች፣ ሳጥኑ ባዶ መሆኑን እያወቀች።

ከዚያች ሳምንት ጀምሮ ስሙኒዋን አጥባ ማምጣት ጀመረች። አባቴ «ኧረ ተይ፣ ከአሁን በኋላ እንቆጥራለን» ብሎ ቢለምናት አሻፈረኝ አለች። በየቅዳሜው የሚያብረቀርቅ መቶ ስሙኒ ሳህኑ ላይ ይፈሳል። ብትቆጣኝ በስንት ጣዕሙ! እኔ እንደሆን ያንን ድምፅ ስሰማ ጓዳ እገባ ነበር።

አሁን አባቴ የለም፤ ስሙኒም ከገበያ ጠፍቷል። አልማዝ ግን አርጅታም ዓሣዋን አልተወችም፤ እኔም ከሌላ ሰው አልገዛም። ባለፈው ሳምንት ሁለት ኪሎ አስመዝኜ በስልክ ከፈልኳት። መልእክቱ ሲገባላት ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ አየችውና፣

«አንተ፣ ይሄንንስ አጥቤ ላምጣልህ?» አለችኝ።

ሁለታችንም እስክናነባ ሳቅን። ልሄድ ስል መልሳ ጠራችኝና ትልቁን ዓሣ አንስታ ምርቃት ጨመረችልኝ፤ ሳትመዝነው።