ያለምወርቅ ክርስትና ያነሣቻት ልጅ

ሱዳን ውስጥ ባለው በቱነይድባ የስደተኞች መጠለያ ልብስ የተቀደደበት ሁሉ ወደ ያለምወርቅ ነው የሚሄደው። መርፌዋን ከነክሩ በቀሚሷ ደረት ላይ ወግታ ትዞራለች፤ ስትናገር ቀስ፣ ስትራመድ ፈጠን ትላለች። የመተማ ሰው ናት። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጇ ቻላቸው በመኸር ወደ ሀዋታ እርሻዎች እየወረደ ሰሊጥ ያጭዳል።

ከመተማ ጀምሮ ጎረቤቷ የነበረችው ሐመልማል በወባ ስትሞት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጇን ራሄልን ትታ ሄደች። ያለምወርቅ አልቅሳ ቀበረች፤ በሦስተኛው ቀን የልጅቱን ፍራሽ ተሸክማ ወደ ራሷ ድንኳን አስገባች። የሚከለክለኝ ይኖራል ብላም አላሰበች። ራሄልን በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ያነሣቻት እሷ ናት፤ የክርስትና እናት ደግሞ እናት ናት።

የሕፃናት ጉዳይ ቢሮው ግን ደንብ ነበረው። የሥጋ ዘመድ የሌለው ልጅ ገዳሪፍ ከተማ ወዳለው ማሳደጊያ ይላካል። ኀላፊው ኢሀብ፣ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ የሚወለውል ጨዋ ሱዳናዊ፣ ያለምወርቅን አስጠርቶ ለልጅቱ ምኗ እንደሆነች ጠየቃት። የምታስተረጉመው ራዲያ ነበረች፤ ገዳሪፍ ሱቅ ያለው የጎንደር ሙስሊም ነጋዴ ልጅ።

እዚህ ላይ ያለምወርቅ ተሳሳተች። ልጅቱ እንደማትራብ ለማስረዳት ብላ ቻላቸውን ማሞገስ ያዘች፤ ጎበዝ ነው፣ ሱስ የለበትም፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሞልቶታል፣ ሚስት እንኳ ገና አላገባም አለች። ኢሀብ መነጽሩን አደረገ። እንዲህ እየተባለ ስንት ልጃገረድ ያለ ዕድሜዋ ስትዳር አይቶ ኖሯል። በዐረብኛ አንድ ነገር ተናግሮ የራሄልን ወረቀት ወደ ገዳሪፍ ወደሚላኩት ክምር ገፋ አደረገው።

ራዲያ ፊቷ ጠቆረ። "እትዬ፣ ለልጅሽ ልታጋቢያት ነው ይላል።"

ያለምወርቅ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ሳቀች እንጂ አልተቆጣችም።

"ንገሪው ልጄ፤ እህቱ ናት። እኔ ያነሣኋትን ልጄ ቢያገባ ወንድም እህቱን እንዳገባ ነው። የሚያጋባቸው ቄስ ከመተማ እስከ ጎንደር ቢፈለግ አይገኝም።"

ራዲያ ቃሉን ወደ ዐረብኛ መልሳ ብቻ አልተወችውም፤ ከአንድ ጡት የጠቡ ልጆች በእኛ በሙስሊሞች ዘንድ እንደማይጋቡ፣ እነሱም በጥምቀቱ ውሃ እንዲሁ ናቸው ስትል ጨመረችበት። ኢሀብ ቀና አለ። እሱም የጡት እህት ነበረችው።

ቢሆንም ከሌላ አፍ መስማት ፈለገ። ያለምወርቅ አልከፋትም፤ መተማም ሳለች የቀበሌው ጸሐፊ ጋብቻ ከመመዝገቡ በፊት ዝምድና እንዳይኖር ቄሱን ይጠይቅ ነበር። ቄስ አገኘሁን ከእህል ዕደላው ሰልፍ ጠራቻቸው፤ ባዶ ጆንያቸውን በክንዳቸው እንዳንጠለጠሉ መጡ። ቻላቸው ራሄልን ቢፈልግስ ተብለው ሲጠየቁ፣ "እንኳን ላጋባቸው፣ ማሰቡን ከሰማሁ ንስሐ ነው የማስገባው" አሉ።

ቅጹ ለክርስትና እናት ቦታ አልነበረውም። ኢሀብ ወረቀቱን ከክምሩ መዘዘና "አክስት" ከሚለው በታች በእስክሪብቶ አንድ መስመር ጨመረበት። ከዚያ ወዲህ የመጠለያው ቅጽ ሁሉ ያ መስመር አለው፤ አራት ልጆችም በዚያው መስመር ከክርስትና እናቶቻቸው ጋር ቀርተዋል።

ያን ዕለት ያለምወርቅ ከቢሮው ስትመለስ፣ ራሄል ወደ ገዳሪፍ የምትላክ መስሏት ልብሷን በፌስታል ቋጥራ ድንኳኑ በር ላይ ተቀምጣ ነበር። ያለምወርቅ ፌስታሉን ተቀብላ ፈታችው። ከላይ ያለው ቀሚስ ብብቱ ተተርትሯል። ከአጠገቧ ተቀመጠችና መርፌዋን ከደረቷ ነቀለች።