ለህንዱ የማልኩት መሐላ

ሆሳዕና በነበርኩበት ዘመን ሰው ሳይምል ቅቤ አይሸጥም፣ ሳይምል አይገዛም። ተማሪው ሲኮርጅ እጅ ከፍንጅ ተይዞ «እናቴ ትሙት አልኮረጅኩም» ይላል፤ እናቱ በማግስቱ ፎንቆ ገበያ በቆሎዋን ዘርግታ በደህና ትታያለች። እኔም ከማንም አላንስም ነበር። አፌ ፈጣን ነው፤ እናቴ «ምላስ አጥንት የለው፣ አጥንት ይሰብራል» እያለች ብትመክረኝም አልሰማኋትም።

የሂሳብ አስተማሪው ህንድ እኔ ወደምሠራበት ትምህርት ቤት የመጣው በጃንሆይ ጊዜ፣ እኔ የመጀመሪያ ልጄን በወለድኩበት ዓመት ነው። ረጅም፣ ጸጉሩን በዘይት የሚያስተኛ ሰው ነበር። ሲናገር ራሱን ግራና ቀኝ ስለሚወዘውዝ ተማሪዎቹ እሺ ይበል እምቢ ሳይለዩ ዓመቱ አለቀ። ሚስቱንና ትንሽ ሴት ልጁን አገሩ ትቶ ነው የመጣው። የውጭ አገር ሠራተኛ ሁሉ ከደመወዙ ሌላ የሚያገኘውን ቀርቦ ለግብር ያስታውቅ ሲባል፣ እንግሊዝኛ ስለምችል ዳይሬክተሩ እኔን አስተርጓሚ አድርገው ከሱ ጋር ወደ ግብር ቢሮ ላኩኝ። ሰውየው እኛ አገር ግብር ሲያስታውቅ የመጀመሪያው ነው። ወረቀቱ ካልተፈረመለት ለክረምት ወደ ቤተሰቡ ለመሄድ ፈቃድ አያገኝም፤ ስለዚህ ከማለዳው ጀምሮ የሚይዝ የሚጨብጠው ጠፍቶት ነበር።

የግብር ሹሙ ከሸዋ የመጡ፣ ቀልድ የሚወዱ ሽማግሌ ነበሩ። ቅጹን እየጠየቅኩት እኔ ሞላሁለት፤ ስም፣ አገር፣ ደመወዝ። ከደመወዝ ሌላ የሚለው ጋ ስንደርስ አንድ ነገር ሊለኝ ጀመረ። ሳላስጨርሰው «ምንም» ብዬ ጻፍኩ። ሰዓቱ ወደ ስድስት ሄዷል፣ ልጄ ጎረቤት ቤት ናት፣ ጡቴ በወተት ተወጥሯል።

ሹሙ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሁሉም ምንም ነው የሚለው። ንጉሥ ይሙት ይበልና እፈርምለታለሁ።»

ስተረጉምለት ወንበሩ ላይ ደረቀ። «በመንግሥት ቢሮ ቁጭ ብዬ ንጉሣችሁ ይሙት ልበል? ዛሬውኑ ያስሩኛል» አለኝ በሹክሹክታ። ይህን ለሹሙ ስነግራቸው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «እንግዲያው በልጁ ይማል» አሉ።

ይህን ስነግረው ግን ፊቱ ጨለመ። «ልጄ እዚህ የለችም» አለ። «በሌለችበት መያዣ አላደርጋትም።»

«ያልደበቀ ሰው መሐላ አይፈራም፣ የኔ እመቤት» አሉኝ ሹሙ፣ ብዕራቸውን አስቀምጠው።

እኔ ነኝ የተናገርኩት። ማንም አላስገደደኝም። «ልጄ ትሙት፣ ይህ ሰው ከደመወዙ ሌላ ምንም አያገኝም» አልኩ። ሹሙ «እንዲህ ነው እንጂ» ብለው ፈርመው ማኅተሙን መቱበት።

ቁልቁለቱን ስንወርድ ምን ብዬ እንዳሳመንኳቸው ጠየቀኝ። እየሳቅሁ ነገርኩት። ቀጥ ብሎ ቆመ። «አንድ ነጋዴ ልጆቹን ስለማስጠናለት ስኳርና ላምባ ይልክልኛል። ልነግርሽ የጀመርኩት እሱን ነበር» አለ።

«ስኳር ደግሞ ገቢ ሆኖ!» አልኩትና ልጄን ላጠባ ወደ ቤቴ ሮጥኩ።

ሳምንቱ ሳያልቅ ልጄን ትኩሳት ያዛት። የጤና ጣቢያው ድሬሰር የሳምባ ምች ነው ብሎ መርፌ ጀመረላት። ባሌ የሚሠራው ዱራሜ ስለሆነ ብቻዬን ነበርኩ። የተማርኩ ነኝ እል የነበርኩትን ሴት፣ በጎረቤቶቼ አጉል እምነት እስቅ የነበርኩትን፣ የገዛ ድምፄ ይከተለኝ ጀመር። ውሃ ስቀዳ፣ ጨርቋን ሳጥብ፣ በሩን ስዘጋ እሰማዋለሁ፤ ያው የተጣደፈ፣ የተሰላቸ ድምፅ፣ ልጄ ትሙት። መድኃኒት ልገዛ ስወጣ ደግሞ ከተማው በሙሉ ይምላል። ሰዉ ሁሉ፣ ድመት ግልገሏን ይዛ እንደምትዞር፣ ልጁን በአፉ ይዞ የሚሄድ መሰለኝ። በሃዲይኛ የሚከራከሩ ሴቶች አጠገብ ሳልፍ እንኳ፣ የሚሉትን ሳልሰማ፣ እየማሉ ነው ብዬ እሸሽ ነበር። ፈራሁ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ህንዱ ከሥራ መቅረቴን ሰምቶ ሊጠይቀኝ መጣ። ልጄ ጎኗ እየገባ እየወጣ ታቃስታለች። ምን ልርዳሽ ሲለኝ አፌ እንደ ልማዱ ቀደመኝ። «ያንተ ስኳር ልጄን ሊበላብኝ ነው» አልኩት። ልጄን አየት አድርጎ ወጣ።

ከዚያ ትኩሳቷ በረደ። መርፌው ነው አለ ድሬሰሩ፤ መርፌው ሊሆን ይችላል።

ሥራዬን ጀምሬ ከሰነበትኩ በኋላ ሹሙን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ልጄን ከጠየቁኝ በኋላ ሳቅ አሉና «ያ ህንድሽ የዋህ ሰው ነው» አሉኝ። «አንቺ ልጅሽን ስታስታምሚ ብቻውን መጣ። የእሷ መሐላ ይሰረዝ፣ የኔ ይተካ አለ። መሐላ እንዴት ይሰረዛል ብዬ ብስቅበት አልወጣም አለኝ። ከዚያ ብድግ ብሎ ‹ልጄ ይሙት፣ ከደመወዝ ሌላ ምንም አላገኝም› አለ በገዛ አማርኛው። ለሴት ትሙት ነው የሚባለው ብዬ አረምኩት። አስተካክሎ ደግሞ ማለ።»

ለሹሙ ጨዋታ ነበር። እኔ ግን ስኳሩን አውቃለሁ፤ እሱም ያውቃል። ስኳሩን ቢያስመዘግብ የኔ መሐላ በሹሙ ፊት ውሸት ሊሆን ነው፤ ዝም ቢል ልጄ ላይ ሊቀር ነው። ስለዚህ ውሸቱን ከኔ ልጅ አንስቶ የራሱ ልጅ ላይ ጫነው። በቅን ልቤ ላመሰግነው ሲገባኝ ተናደድኩበት። ማን ለመነው? የሂሳብ አስተማሪ እንዲህ ያለ ነገር ያምናል? ከንዴቱ ሥር ግን ደስታ ነበር፤ ልጄ ድና ቤቴ ትስቃለች። ያንን ደስታ እስከ ዛሬ እጠላዋለሁ።

የኛ ሰላምታ ልጆች ደህና ናቸው ወይ ሳይባል አያልቅም። ህንዱም ይህንን ለምዶ፣ ጠዋት ጠዋት በመምህራን ክፍል ደጃፍ «ልጅሽ ደህና ናት?» ይለኛል። «እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ አልፈዋለሁ። የሱን ልጅ አልጠይቀውም። መጀመሪያ ላይ ከአገሩ ደብዳቤ በየጊዜው ይመጣለት ነበር። ወደ ዓመቱ መጨረሻ ሲመጣለት አላየሁም፤ ወይም ላለማየት ፊቴን አዙሬ ይሆናል።

ክረምት ሲገባ ፈቃዱን አግኝቶ ሊሄድ ሆነ። ልጄን አቅፌ አውቶቡሱ ድረስ ሸኘሁት። ረዳቱ «ዳምቦያ፣ አዲሎ፣ ሻሸመኔ» እያለ ይጣራል። ህንዱ የልጄን ጉንጭ ነካ አድርጎ «ደህና ናት?» አለኝ። «ደህና ናት» አልኩት። ከዚያ ሻንጣውን እንደያዘ ዓይን ዓይኔን እያየ ትንሽ ቆመ። ተራው የኔ ነበር። ልጄን ከአንዱ ክንዴ ወደ ሌላው አዛወርኩና፣ ዝናቡ ሳይመጣ ግባ አልኩት።