የጋሼ ሙላት ፈረሰኞች

ዛሬ ጠዋት ከዳንግላ ተደውሎ «ጋሼ ሙላት አረፉ» ስባል፣ «የትኛው ሙላት?» ብዬ ጠየቅሁ። ሌላ ሙላት እንደማላውቅ የደወለችልኝም ታውቃለች።

ከዚያ ወዲህ እናንተ ተማሪዎቻቸው የሐዘን ገጹ ላይ የጻፋችሁትን ሳነብ ዋልኩ። አንዱ «ሰባተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምረውኛል» ይላል። ሌላው የክፍል ኃላፊያችን ነበሩ ይላል። እኔ ምን ብዬ ልጻፍ? አንድ ቀን እንኳ እሳቸው ክፍል ገብቼ አላውቅም። ስድሳዎቹ ሊያልቁ ሲሉ እናቴ ታመመችና ትምህርቴን ትቼ ዳንግላ አጎቴ ሱቅ ሥራ ገባሁ።

ሱቁ ውስጥ ስኳር የምንጠቀልለው በአሮጌ መጽሐፍ ገጽ ነበር። ማንበብ የቀጠልኩት በዚያ ነው። አንድ ቀን የመስታወት ቱቦ የተሳለበት ገጽ እጄ ገባ። ኤሌክትሮን አቶምን ሲገጭ ብርሃን ሊወጣ ይችላል ይላል። ቀጣዩ ገጽ ከስኳር ጋር ሄዷል።

ጋሼ ሙላት ሳሙና ሊገዙ ሲመጡ አሳየኋቸው።

«ስኳሩስ?» አሉኝ።

«ስኳሩን ሸጥኩት። ወረቀቱን ደበቅኩት።»

«አጎትሽ እንዳይሰማ» አሉና ከኪሳቸው መብራት መኖሩን የሚፈትሹበትን ካቻቢቴ አወጡ። ሶኬቱ ውስጥ ሲያስገቡት እጀታው ውስጥ ያለችው ትንሽ አምፖል ብርቱካንማ ሆና በራች።

«እሳት ነው?»

«እሳት የለም፣ ኒዮን የሚባል ጋዝ ነው። የጊዮርጊስ ለት ፈረሰኞቹን አይተሻል አይደል?»

አቶሙን ፈረስ፣ በላዩ ያለውን ኤሌክትሮን ፈረሰኛ አደረጉልኝ። ከውጭ እየሮጠ የሚመጣ ሌላ ኤሌክትሮን ይገጨዋል። ቀስ ብሎ ከመጣ ነክቶት ያልፋል፣ ፈረሰኛው ንቅንቅ አይልም። ጠንከር ካለ ፈረሰኛው እርካቡን ረግጦ ብድግ ይላል። በመሃል ተንጠልጥሎ የሚቀር የለም፤ ወይ ተቀምጧል ወይ ቆሟል። ከዚያም ከበረታ ፈረሰኛውን ይጥለዋል። ባዶውን የቀረው ፈረስ አዮን ይባላል።

«ብርሃኑ የሚወጣው ሲጋጩ ነው?» አልኩ፣ ኮቴ ድንጋይ ሲመታ የሚረጨውን ፍንጣሪ እያሰብኩ።

«አይደለም። ተመልሶ ሲቀመጥ ነው የሚያበራው።»

ኋላም ሌላ ወረቀት ይዤ ሄጄ አልገባኝም ስላቸው፣ «አትቸኩይ፣ ተመልሶ ሲቀመጥ ነው የሚያበራው» ይሉኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ፣ ጉም የሞላው ሜዳ ላይ ፈረሰኞች ብድግ ቁጭ ሲሉ ይታየኝ ነበር። ድምፅ የላቸውም። በተቀመጡ ቁጥር ጉሙ ብርቱካንማ ይሆናል። ዛሬም ቀይ የኒዮን መብራት ጽሑፍ ያለበት በር ሳይ ትንሽ ቆም እላለሁ።

አምና በፈረሰኞቹ በዓል እንጅባራ ላይ አየኋቸው። ተማሪዎቻቸው ከበዋቸዋል፣ ሁሉም ትልልቅ ሰው ሆነዋል። ራቅ ብዬ ቆምኩ። በከዘራቸው ጠሩኝ።

«እሷስ በየትኛው ዓመት ያስተማሯት ናት ጋሼ?» አለ አንዱ።

«እሷማ የሱቅ ተማሪዬ ናት» አሉ። «ገና አላስመረቅኋትም።»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ከዚያ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

ስለዚህ እኔም እጽፋለሁ። ጋሼ ሙላት አስተምረውኛል።

ጋሼ፣ እንጅባራ በተያየን ዕለት አንድ ያልገባኝ ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ሰው ሲበዛ ጊዜ አፈርኩና ሳላወጣው ቀረሁ። ባዶው ፈረስ ኋላ ምን ይሆናል ብዬ ልጠይቅዎ ነበር። ወረቀቱ ሌላ ፈረሰኛ ይወጣበታል የሚል ይመስለኛል፣ ያን ጊዜም ያበራል። ልክ ነኝ?

ደህና ይግቡ ጋሼ። ሳያስመርቁኝ ሄዱ። ወረቀቱን ነገም አወጣዋለሁ፣ አልቸኩልም።